የውድነሽ ስለት በለሚ ማኅበር



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ተማሪ ቤትና ስለ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ወደ እናቶቻችን ቤት ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። ለበዓል ወይም ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትገቡ፥ እናቶቻችሁ «ዛሬ ማኅበር አለብኝ» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ሳታዩ አልቀራችሁም። እኛ ተማርን የምንለው ልጆች ያን ጊዜ ስልካችንን ይዘን ከቤት እንቀራለን። ማኅበር ማለት ዳቦና ጠላ፥ ጥቂት ጸሎትና ብዙ ወሬ ብቻ ይመስለናል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ይህ አሳቤ የተለወጠው ለሚ ላይ ነው።

ለሚን የማያውቅ ቢኖር፥ በሰሜን ሸዋ በእንሳሮ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከሙከጡሪ ተነሥቶ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ በእርስዋ በኩል አልፎ ወደ ጀማ ሸለቆ ቍልቍል ይወርዳል። ከሸለቆው ማዶ ያለው አገር መርሐ ቤቴ ነው። በቅርብ ዓመታት የለሚ ስም የሚነሣው ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጋራ ነው፤ እኔ ግን እዚያ የደረስሁት በመምህርነት ተመድቤ ስለ ሆነ፥ ከፋብሪካው ይልቅ የማውቀው የተማሪዎቼን ደብተርና የአከራዬን ጓዳ ነው።

አከራዬ የሆኑት እናት በየወሩ በ21 ቀን በእመቤታችን ስም የሚጠጣ የሴቶች የጽዋ ማኅበር አላቸው። ማኅበርተኞቹ ተራ በተራ ይደግሳሉ፤ ተራው የደረሳት ጽዋውን ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። በቀኑም ቄሱ መጥተው ጸሎት ያደርሳሉ፤ ዳቦውን ባርከው፥ ከተአምረ ማርያም አንብበው፥ መርቀው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የጨዋታ ነው። አንድ ቀን ሳስተናግድ የማኅበሩ ሙሴ የሆኑት ባልቴት ወደ እኔ ዞረው፥ «አንቺ ልጅ፥ ቄሱ ከወጡ በኋላ አፋችን ወደ ሰው ቤት እየሄደ ተቸግረናል። እስኪ ከሐሜት የሚያድነን አንድ መጽሐፍ አንብቢልን» አሉኝ።

በእጄ የነበረው መጽሐፍ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበረ።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ልብ ወለድ ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ለማኅበርተኞቹም ቢሆን ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። ሁለቱ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው በወጣትነታቸው ሰምተውት ኖሯል። መጽሐፉን ገልጬ አንድ ገጽ ያህል እንዳነበብሁ አንዷ፥ «አይ ልጄ፥ ያ ሰውዬ ሲተርከው ልባችን ቀጥ ይል ነበር፤ አንቺ ትሮጫለሽ» ብለው አረሙኝ። በክፍል ውስጥ ተማሪ የማርም እኔ፥ በማኅበር ታርሜ ቀስ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ።

ነገር ግን ብዙ ሳንሄድ ተቃውሞ ተነሣ። ከማኅበርተኞቹ መካከል አንዲት መነኵሲት አሉ። እርሳቸው መቍጠሪያቸውን ይዘው፥ «ተአምር በተነበበበት ቤት እንዴት ልብ ወለድ ይነበባል? ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚጽፍ ሰው ውሸታም አይደለምን?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብዙ የተማሩ ሰዎችም ሳይናገሩት በልባቸው ይዘውታል። ልብ ወለድ ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ቁም ነገር ያለው በሕግና በታሪክ መጽሐፍ፥ መንፈሳዊ ነገርም በስብከት ብቻ ነው የሚል አሳብ አለን። እኔ ከኮሌጅ ይዤው የመጣሁትን መልስ ገና በአፌ ሳሰናዳ፥ አከራዬ ቀደሙኝ። «እማሆይ፥» አሉ፥ «ጌታችን የተናገረለት ያ የጠፋው ልጅ፥ የማን ልጅ ነበረ? አገሩስ ወዴት ነው? ስሙን ያውቁታል?» እማሆይ ጥቂት ዝም ብለው፥ «እሱማ ምሳሌ ነው» አሉ። «እንግዲህ ይኸም ምሳሌ ይሁንልንና ልጅቱ ታንብብ» ተብሎ ተፈረደ።

እስኪ ነገሩን እናስተውለው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 15 ጌታችን ሦስት ምሳሌዎችን አከታትሎ ተናገረ፤ ስለ ጠፋው በግ፥ ስለ ጠፋው ድሪም፥ ስለ ጠፋው ልጅ። ሦስቱም የተነገሩት ፈሪሳውያን «ይህ ከኃጢአተኞች ጋራ ይበላል» ብለው ባንጐራጐሩ ጊዜ ነው። የእግዚአብሔርን ጠባይ ለመግለጥ የመረጠው መንገድ ትርጓሜ መደርደር ሳይሆን፥ አንዲት ሴት መብራት አብርታ ቤትዋን ጠርጋ አንዲት ብር ስትፈልግ ማሳየት ነበረ። ቤት የሚጠርጉ ሴቶች በተሰበሰቡበት ማኅበር ይህ ምሳሌ ምን ያህል እንደሚገባ እናንተው ፍረዱ።

እናቶቻችንስ እግዚአብሔርን ያወቁት በምን ይመስላችኋል? ብዙዎቹ ፊደል አልቈጠሩም። ነገር ግን በየካቲት 16 የሚነገረውን የበላዔ ሰብን ታሪክ የማያውቁ የሉም። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ያ ሰው፥ በእመቤታችን ስም ለለመነው ውሃ ለጠማው ሕመምተኛ ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ፥ በሚዛን በተመዘነ ጊዜ ያች ጥርኝ ውሃ እንደ ደፋች ይተረካል። ስለ ምሕረት ብዙ ከተጻፈበት ጥራዝ ይልቅ በአንዲት ገበሬ ሴት ልብ ውስጥ የቀረው ያ ሚዛን ነው። ስለዚህ እግዚአብሔርን በታሪክ ማሰብ ለእናቶቻችን አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ታሪኩ በዚህ ዘመን ደራሲ የተጻፈ መሆኑ ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን በእኛ አገር ጽሑፍ ከጥንት የተጀመረ ነው። ከለሚ ማዶ፥ ጀማን ተሻግሮ ባለው በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ» የሚል መጽሐፍ አሳትመዋል። የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ነው። በእንግሊዝ አገርም ጆን በንያን የተባለው ሰባኪ ስለ እምነቱ በእስር ቤት ብዙ ዘመን የቆየ ሲሆን፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1678 የአንድ ክርስቲያንን የሕይወት ጉዞ በልብ ወለድ መልክ ጽፎ አወጣ፤ መጽሐፉም ወደ ብዙ ቋንቋዎች ተተርጕሞ በየአገሩ ይነበባል። እነዚህ መጻሕፍት ግን ከመጀመሪያው ለመንፈሳዊ ምክር የተጻፉ ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዲህ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ቢሆኑም፥ መጽሐፋቸው ስለ ሰውና ስለ ልማዱ እንጂ ስለ እግዚአብሔር ጠባይ የሚያስተምር አይደለም። ታዲያ የማኅበሩ ሴቶች በውስጡ ምን አገኙ? አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስሁ።

መጽሐፉን ያነበባችሁ እንደምታስታውሱት፥ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ በዛብህ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። በሕፃንነቱ በታመመባቸው ጊዜ፥ ቢተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ሊሰጡት ተሳሉ። ልጁ ዳነ። በትምህርትም ገፋ። ከጐለመሰ በኋላ ግን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። በሁለቱ መካከል ሁለት ግንብ ቆመ፤ አንዱ የፊታውራሪ የዘር ትዕቢት ነው፤ ሁለተኛው፥ በዛብህ አፍ ሳይፈታ በእርሱ ስም የተነገረው ስለት ነው። መጨረሻውን ላላነበቡ ስል አልነግራችሁም።

ስለቱ ከተነገረበት ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁና፥ በክፍሌ እንደ ለመድሁት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። «ከዚህ ከተነበበው በቀር ስለ እግዚአብሔር ሌላ ነገር ሰምታችሁ የማታውቁ ብትሆኑ፥ ውድነሽ የተሳለችለት እግዚአብሔር ጠባዩ ምን ይመስላል ትላላችሁ?»

አንዷ፥ «መሐሪ ነው፤ ለምናው ሰማት፥ ልጇም ዳነላት» አሉ። ሁለተኛዋ፥ «ሰጥቶ የሚቀበል ነው፤ ኋላ እንደ ሆነው አይደል?» አሉ። ሦስተኛዋ በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ ናቸው፤ ሳቅ ብለው፥ «እንደ አራጣ አበዳሪ ነዋ!» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ፥ እማሆይ አማተቡ።

ያልሳቁ አንድ እናት ነበሩ። በማኅበሩ ውስጥ ሁልጊዜ ከጥግ የሚቀመጡ፥ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ጥቂት ቆይተው፥ «እኔም እንደ ውድነሽ ተስያለሁ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በጠና ታሞባቸው ጻድቃኔ ማርያም ወሰዱት። ከጠበሉ አጠገብ ሆነው፥ ልጃቸው ቢድንላቸው በምንኵስና አገልጋይዋ ሊያደርጉት ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ስለቱን የነገሩት አሥረኛ ክፍል ሳለ ነው። ልጁም አልተቈጣም፤ እሺም አላለም። ባለፈው ዓመት ግን ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ መያዝና ትዳር መመሥረት እንደሚፈልግ በስልክ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ፥ አሉ እኝህ እናት፥ እንቅልፍ የለኝም። በዚያው ወር ላማቸው ሞተች። ክረምቱን የደረሰ እህላቸውን በረዶ መታው። «ዋናውን ስከለክለው ጊዜ ወለዱን መውሰድ ጀመረ» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። አራጣ አበዳሪ ብለው የቀለዱት ሴት አንገታቸውን ደፉ።

አንባቢዎቼ፥ እኔ እነዚህን እናት ለሁለት ዓመት ያህል አውቃቸው ነበር። በየበዓሉ ቤታቸው ቡና ጠጥቻለሁ። ይህን ሸክም ተሸክመው እንደሚኖሩ ግን አላወቅሁም፤ የማኅበር ጓደኞቻቸውም አላወቁም። ስብከት አላወጣውም፤ ወሬም አላወጣውም። ያወጣው፥ ውድነሽ የምትባል በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ ያለች ሴት መኖሯ ነው። ሰው ስለ ራሱ ለመናገር የሚያፍረውን ስለ ውድነሽ ሲናገር አያፍርምና።

በሚከተለው ወር ስለ ፊታውራሪ መሸሻ አነበብን። ባላገሩ፥ ልማድ ነው እየተባለ የሚጠየቀው ግብር በዝቶበት በፊታውራሪው ላይ ያመፀበትን ክፍል ስናነብ ሴቶቹ በጣም ተደሰቱ፤ አበጀ በለውንም መረቁት። ንባቡ ካለቀ በኋላ የማኅበሩ ሙሴ ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ እኔ እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ይቅር ይበለኝና፥ እኔ ስጸልይ በልቤ የማየው እንደዚህ ያለውን ሰው ነው። እጅ መንሻ ካልያዝሁ በደጁ የማልቆም ይመስለኛል። አባቴ በፊታውራሪ ደጅ ሲቆም አይቼ አድጌአለሁ፤ ለካ ያንኑ ደጅ ነው ወደ ሰማይ የወሰድሁት» አሉ።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር ይኸው ነው። እኛ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ጠባይ ከመጽሐፍ ሳንማር አስቀድመን ከጌቶቻችን እንማራለን። ባላገር በጭሰኝነት ዘመን እግዚአብሔርን በባለ ርስት አምሳል አሰበ። እኛስ? ፊታውራሪ የለብንም፤ አለቃ ግን አለን። በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ እስኪ ልባችሁን መርምሩ። እግዚአብሔርን የምታስቡት እንደ መሥሪያ ቤት ኀላፊ፥ የፊርማ መዝገብ ይዞ ያረፈደውን በቀይ እንደሚያሰምር አይደለምን? ተማሪዎችስ ፈተና ሲደርስ ጃንጥላ ያልተሳለ ማን ነው? ጃንጥላ መስጠት መልካም ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ትቀበለዋለች። ነገር ግን ካለፍሁ እሰጣለሁ ብሎ የሚዋዋል ተማሪ፥ ሲወድቅ በማን ላይ ያኰርፋል? ያ ውል የምስጋና ነው ወይስ የጉቦ? እያንዳንዱ ለራሱ ይመልስ።

ልብ ወለድ ጥቅሙ በዚህ ላይ ነው። በራሳችን ቤት ሲኖር የማናየውን ፊት በሌላ ሰው ቤት ያሳየናል። የፊታውራሪን ፊት በመጽሐፉ ውስጥ በጥሩ ብርሃን ያዩት ባልቴት፥ ያንኑ ፊት በጸሎታቸው ውስጥ ሲያገኙት ለዩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ግን ቀላል በሆነ ነበር። «እግዚአብሔር አበዳሪ አይደለም፤ ስለዚህ ስለቱን ርሱት» ብሎ መነሣት ይቻል ነበር። እማሆይ ግን አላስቻሉንም። በሦስተኛው ወር ተሰናድተው መጡ። «ልጆቼ፥» አሉ፥ «እግዚአብሔርን አታቅልሉት። ሐና ተሳለች፤ ሳሙኤልን በሰጣት ጊዜም አልካደችም፤ ጡት ካስጣለችው በኋላ ወስዳ በቤተ መቅደስ ሰጠችው። ሰጠች ወይስ አልሰጠች? መክብብም ተስሎ ከማይከፍል ይልቅ የማይሳል እንደሚሻል ተናግሯል።»

እማሆይ እውነት አላቸው። እኔ መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ሳሙኤል መጽሐፍ ሐና ልጅዋን እንደ ሰጠች፥ በየዓመቱም ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደ ነበረ በግልጥ ይናገራል። አንዷ የዮፍታሔን ልጅ አነሡ፤ አባትዋ ባልታሰበ ስለት የጠፋችውን ማለታቸው ነው። ሌላዋ ስለ ይስሐቅና ስለ በጉ አነሡ። ክርክሩ እየጋለ ሄደና ቡናው ሁለት ጊዜ ተፈላ።

በመጨረሻ የተናገሩት እዚያው ከጥግ የሚቀመጡት ባለስለቷ እናት ናቸው። የሳሙኤልን ነገር እንደ ገና እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እኔም ምዕራፍ 3ን አነበብሁ። ሕፃኑ በመቅደስ ተኝቶ ሳለ እግዚአብሔር ሲጠራው፥ እርሱ ግን ዔሊ የጠራው መስሎት ሦስት ጊዜ ሲነሣ፥ በአራተኛው ዔሊ እንዳስተማረው አቤት ሲል ሰሙ። ከዚያም፥ «እንግዲያውስ በእናቱ ቃል ብቻ አልያዘውማ! እናቱ ሰጥታው፥ እዚያው ቤቱ ተኝቶ እያለ እንኳ፥ ደግሞ በስሙ ጠራው። አቤት እስኪለውም አራት ጊዜ ታገሠው» አሉ።

እማሆይ መቍጠሪያቸውን አስቀመጡና፥ «ይህን እኔም አላሰብሁትም ነበር» አሉ። በዚያ ማኅበር ካየሁት ነገር ሁሉ ይህን የእማሆይን ቃል አከብራለሁ። ዕድሜያቸው የገፋ፥ ጾምና ስግደት የለመዱ ሰው፥ በወጣትነታቸው ካነበቡትና ከሰሙት በላይ አንዲት ፊደል ያልቈጠረች ሴት ስትናገር ተቀበሉ። እኛ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ይህን ያህል ትሕትና ብናገኝ ምንኛ በበጀን!

በኋላም ነገሩን ለቄሱ ብናነሣላቸው፥ ብዙዎቻችን የማናነበውን የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 27 ገለጡልን። እዚያ ላይ ሰው ሰውን ለእግዚአብሔር በተሳለ ጊዜ የሚደረገው ተጽፏል። ከ20 እስከ 60 ዓመት ላለው ወንድ 50 የብር ሰቅል፥ ለሴት 30፤ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ላለው ወንድ ሕፃን 5፥ ለሴት 3 ሰቅል እየተገመተ ይከፈላል። ይህን መክፈል ለማይችል ድኻ ደግሞ ካህኑ እንደ ዐቅሙ ይገምትለታል። አስተውሉ፤ ብዙዎች የጨከነ ነው የሚሉት የኦሪት ሕግ እንኳ፥ በችኰላና በጭንቅ ለተሳለ ሰው መውጫ በር አበጅቷል፤ የድኻውንም በር ዝቅ አድርጎ ሠርቶታል። ቄሱ አክለውም፥ ይህ የኦሪት ሥርዓት ስለ ሆነ ዛሬ ማንም ተነሥቶ በብር ልዋጅ እንዳይል፥ የተሳለ ሁሉ ከንስሐ አባቱ ጋራ እንዲመክር አስጠነቀቁ። እኔም ለእናንተ የምለው ይህንኑ ነው። የዓምድ ጸሐፊ የንስሐ አባት አይደለችም።

እኝህ እናት ከንስሐ አባታቸው ጋራ ተነጋግረዋል። የተባባሉትን አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ማታ ወደ ክፍሌ መጥተው፥ «ለልጄ ጻፊልኝ። በስልክ ልነግረው እሞክራለሁ፤ እንባዬ እየቀደመኝ ተቸገርሁ» አሉኝ። እርሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍሁ። ደብዳቤው አጭር ነበረ። ካስፈቀድኋቸው በኋላ ጥቂቱን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ እንደ ወጉ ስለ ጤናው ጠየቁት። ቀጥለው፥ ሕፃን ሳለ እርሱን ሳይጠይቁ በእርሱ ስም የተናገሩትን ስለት አነሡ፤ የተናገሩትም ስለሚወዱት መሆኑን፥ አሁን ግን እርሱ ራሱ ምን እንደሚያስብ መስማት እንደሚፈልጉ ነገሩት። «እስከ ዛሬ ነገርሁህ እንጂ አልጠየቅሁህም» አሉት። በመጨረሻም፥ «ስትወስን ስለ ላሚቱ አታስብ፤ እርስዋ በእርጅናዋ ነው የሞተችው» ብለው አጻፉኝ።

ይህን የመጨረሻውን ቃል ስጽፍ እጄ ቆመ። ላሚቱ በእርጅናዋ መሞቷን በአደባባይ ማመን ለእኝህ እናት ምን ያህል መንገድ እንደ ነበረ አውቃለሁና። ያን ዕለት ከእምነታቸው አንዲት ጠጠር አልጐደለችም፤ በሚከተለው 21 ቀንም እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድመው ተገኝተዋል። የጐደለው ሌላ ነገር ነው፤ በየሌሊቱ ወለድ እየቈጠረ ከበራቸው ይቆም የነበረው ነው። የልጁን መልስ ግን አልነግራችሁም፤ የእርሳቸውና የእርሱ ነው።

አሁን ምክሬን ሰብሰብ ላድርግ። በሚመጣው በዓል ወደ አገር ቤት ስትገቡ፥ ከስኳሩና ከቡናው ጋራ አንድ መጽሐፍ ያዙ። የግድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ካልሆነ አልልም፤ ሰው በእውነት የሚወድበት፥ የሚፈራበትና የሚሳሳትበት መጽሐፍ ይሁን እንጂ። ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው። ስታነቡ ቀስ በሉ፤ ይህን ተነግሬ ያወቅሁት ነው። «ትምህርቱ ምንድን ነው?» ብላችሁ እንደ ተማሪ አትፈትኗቸው፤ «እዚህ ቤት ውስጥ ያለው እግዚአብሔር ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። የምትሰሙት ነገር ከመጽሐፉ ሊበልጥ ይችላል። የሚቃወም ካለም ደስ ይበላችሁ፤ እማሆይ ባይኖሩ ኖሮ እኛ የሐናን ነገር ዘለን፥ ርካሽ በሆነ መልስ ተደስተን በተበተንን ነበር።

በለሚ ማኅበሩ ንባቡን ቀጥሏል። ሰብለ ወንጌል ከምታለቅስበት ደርሰናል፤ እማሆይም ሳይቀሩ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ አይቻለሁ። በሚመጣው ወር ተራው የአከራዬ ስለ ሆነ፥ ጌሾ ለመውቀጥ ከአሁኑ ታዝዣለሁና በዚህ ልሰናበታችሁ።